«ይሄ ጅብ ነው ወይስ ውሻ?»

በዚህ ዓምድ ላይ ስለ ምርጫ፣ ስለ ድንበርና ስለ ድርድር ስንጨቃጨቅ ከርመናል። ዛሬ ለአንድ ቀን ፋታ ስጡኝና ስለ አንድ ሥዕልና ሦስት ደቂቃ ስለማይሞላ አንድ ሙዚቃ ላውጋችሁ። ሁለቱንም የሠራው የእህቴ ልጅ ነው። ዕድሜው 17፣ መኖሪያው አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ፣ ሴሚናሪ ሮድ ዳር ከቆሙት ረጃጅም ፎቆች በአንዱ ነው። «የዘመድ ሂስ ሚዛኑ ያጋድላል» የሚለኝ ቢኖር አልቀየመውም፤ ግን እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ። ልጁንም የምወቅስበት፣ ራሴንም የማልምርበት ቦታ አለ። (ዓመታቱን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ የጀመረው ባለፈው እንቁጣጣሽ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ ማኅበር አዳራሽ ተከራይቶ፣ ዶሮ ወጡ ተሠርቶ፣ «የልጆቻችን ተሰጥኦ» የሚል ወረቀት በተለጠፈበት ግድግዳ ላይ የልጆች ሥዕል ይሰቀል ነበር። የእህቴ ልጅም የራሱን ጠቅልሎ አመጣ። ሲፈታው መደቡ እንደ ጎንደር ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ቢጫና ቀይ ነው። መሐሉ ላይ ደረቷ የነጣ፣ እግሯ የረዘመ ቀይ አውሬ ትራመዳለች። ጀርባዋ ላይ እሳት የሚነድበት ክብ ነገር ተሸክማለች፤ በረገጠችበት ሁሉ አበባ ፈክቷል። ከአስተባባሪዎቹ አንዷ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉና «ይሄ ጅብ ነው ወይስ ውሻ?» አሉ። ልጁ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው «ቀይ ቀበሮ ናት። ግን ኦካሚም ናት» አላቸው። ኦካሚ ምንድን ነው? ጌም። የምን ጌም? የጃፓን። እዚህ ላይ ጉዳዩ አለቀ። ሥዕሉ የሲኒ ካርቶን ከተደረደረበት ጠረጴዛ ኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዋለ። ምክንያቱ ሲጠየቅ «መሳሉንስ በደንብ ይስላል፤ ግን የእኛ አይደለም፣ የተቀዳ ነው» የሚል ነበር።

ግድግዳው ላይ የቀሩትስ ምን ነበሩ? ከቱሪዝም ፖስተር የተቀዳ የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ፣ ከዚያው ፖስተር የተቀዳ የአክሱም ሐውልት፣ ሦስት ጀበና። እነዚህን «የተቀዱ ናቸው» ያለ ሰው የለም። እኔም እዚያው ነበርኩ። አፌ ውስጥ የድፎ ዳቦ ቁራሽ ስለነበረ ዝም አልኩ ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቱ ግን በልቤ ከሴትዮዋ ጋር ተስማምቼ ነበር።

አሁን አልስማማም። እስቲ ከጌሙ ልጀምር። ኦካሚ ካፕኮም የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ2006 ለፕሌይስቴሽን 2 ያወጣው ጨዋታ ነው። በጃፓን አፈ ታሪክ የፀሐይ አምላክ የሆነችው አማቴራሱ በነጭ ተኩላ አምሳል ትመጣለች። ምድሪቱ ጠቁራለች፣ ደርቃለች። ተጫዋቹ የሚዋጋው በመሣሪያ ብቻ አይደለም። ጨዋታውን ለአፍታ ያቆምና ስክሪኑ ላይ፣ ብራና ላይ እንደሚጽፍ ሰው፣ በብሩሽ ይስላል። ሰማዩ ላይ ክብ ከሳለ ፀሐይ ትወጣለች፤ የደረቀ ዛፍ ዙሪያ ክብ ካዞረ ዛፉ ያብባል። ጌሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቀለምና በብሩሽ የተሳለ የድሮ የጃፓን ሥዕል ይመስላል። እንግዲህ ስለ መሳል የተሠራ ጌም ሲጫወት የኖረ ልጅ መሳል ቢያምረው ምን ይገርማል? ጌሙ ራሱ «ብሩሽ ያዝ» እያለ ነው ያሳደገው።

ፈረንጆች ይህን ዓይነቱን ሥራ ፋን አርት ይሉታል፤ የአድናቂ ሥዕል ማለት ነው። አንድ ሰው የወደደውን የሌላ ሰው ፍጡር ወስዶ በራሱ እጅ ደግሞ ይሠራዋል። ነገሩን ስንሰማ አዲስና የልጅ ጨዋታ ይመስለናል። እኛ ግን በዚህ ሥራ የቆየን ነን። በጎንደር ዘመን ነገሥታቱ ሲዘምቱ ይዘውት የሚወጡት፣ መሐላ የሚገባበት አንድ ታላቅ ሥዕል ነበር፤ ኵርዓተ ርእሱ። የእሾህ አክሊል የደፋው የክርስቶስ ሥዕል ነው፤ የሣለው እጅ ግን የአውሮፓ እጅ ነው። በ1868 መቅደላ ላይ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ወሰደው፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰም። የእኛ ሠዓሊዎች ግን ያንን ሥዕል እየደጋገሙ ቀድተውታል። ሮም በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለችው የእመቤታችን ሥዕልም ቅጂዋ በኢየሱሳውያን በኩል ገብቶ ሲቀዳ፣ እንደገና ሲቀዳ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ዓይኑ ሰፋ፣ ልብሱ ተለወጠ፣ ቀለሙ ደመቀ። ዛሬ ያንን ሥዕል አይተን «ፈረንጅ ነው» የሚል የለም። ቀጂው ከቤቱ አንድ ነገር ጨምሮበታላ!

ስለዚህ ሂስ አቅራቢ የሚጠይቀው «ተቀድቷል ወይ?» ብሎ አይደለም፤ ቀጂው ምን ይዞ መጣ ብሎ ነው። የእህቴን ልጅ ሥዕል በዚህ ብመዝነው አንድ በጣም የወደድኩት ነገር አለ። በእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደጋግ ሰዎች በሁለት ዓይናቸው ወደ ተመልካቹ ያያሉ፤ ክፉዎች በጎን ይሣሉና አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ልጁ ይህን ያውቃል፤ ከአያቱ ጋር ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ሲሰለቸው ግድግዳውን ሲያይ የኖረ ነው። ቀበሮዋ በጎን እየተራመደች አንገቷን ሙሉ በሙሉ ወደ እኛ አዙራ በሁለት ዓይኗ ታየናለች። ከታች ጥግ ላይ ያለው ከጌሙ የመጣ ጋኔን ባለ አንድ ዓይን ነው። ነጩን የጃፓን ተኩላ ትቶ በስሜንና በባሌ ተራሮች ላይ በጥቂት መቶዎች የቀረችውን ቀይ ቀበሮ ማምጣቱም ዝም ብሎ ጌጥ አይደለም፤ ምድር እየደረቀች አውሬዋ እየጠፋች ያለችበትን ታሪክ ወደ አገሩ አምጥቶታል። አራቱ ማዕዘን ላይ የለጠፋቸው የላሊበላ መስቀሎች ግን ሥራ የላቸውም። ከሥዕሉ ጋር አይነጋገሩም፤ «ኢትዮጵያዊ ነኝ፣ ፈቃድ አለኝ» ለማለት የገቡ ናቸው። ይህንን ድክመት ልብ በሉልኝ፤ ሙዚቃው ላይ በእኔው ጥፋት ይመለሳል።

ሙዚቃውን የሚቀዳው መኝታ ቤቱ ውስጥ፣ የቁም ሣጥኑን በር ከፍቶ ልብሱን ድምፅ መጠጫ አድርጎ፣ በ61 ቁልፍ ኪቦርድ ነው። እስከ አሁን 11 ልኮልኛል። ስምንቱን ደግሜ አልሰማቸውም። በጌም የተቃኘ የቤት ውስጥ ሙዚቃ የጋራ በሽታው መዞር ነው። የጌም ሙዚቃ ተጫዋቹ አንድ ቦታ ላይ ምን ያህል እንደሚቆይ ስለማይታወቅ ጫፉ ከመነሻው ጋር ተጋጥሞ እንዲዞር ሆኖ ይደረሳል። ያ በጌሙ ውስጥ ብልሃት ነው። ልጆቹ ግን ዙሩን ብቻ ይወስዱና የትም የማይሄድ ነገር ይሠራሉ። ሦስተኛው ፋይል ግን ሌላ ነው። ግራ እጁ እንደ በገና ሁለት ድምፅ ብቻ ይዞ ይቆያል፤ ቀኝ እጁ ከላይ ጀምሮ ቀስ እያለ ይወርዳል። ከመድረሻው ድምፅ ግማሽ እርምጃ ሲቀረው ይቆማል። ጆሮ «ውረድ እንጂ!» እያለ ይለምነዋል፤ አይወርድም። ዙሩ እንደገና ሲጀምር ነው የሚወርደው። እንግዲህ መጀመሪያው መጨረሻ፣ መጨረሻውም መጀመሪያ ሆነ ማለት ነው። ከኦካሚ ዜማዎች የተማረው እንደሆነ ነገረኝ።

እኔ ሰምቼው ምን አልኩት? «ጎበዝ! ግን ኢትዮጵያዊ አድርገው እንጂ።»

ወዳጆቼ፣ ይህቺን ቃል ስንቶቻችን ለስንት ልጅ ብለናል? ልጁ ታዛዥ ነው። በሳምንቱ ሁለተኛውን ቅጂ ላከልኝ። ችክችካ ተጨምሮበታል፤ ከኪቦርዱ «ማሲንቆ» የሚል ቁልፍ ተገኝቶ እያለቀሰ ይንሸራተታል፤ በየመሐሉ እልልታ አለ። ያቺ የቆመችው ድምፅ ደግሞ ሳትቆም ቶሎ ወረደች፣ ምክንያቱም ችክችካው አያስቆማትም። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ያለ ምግብ ቤት በሬዲዮ የሚያስነግረው ማስታወቂያ ሆነ። ከሥዕሉ ጥግ ላይ የነበሩት አራት መስቀሎች ናቸው እንግዲህ ሙዚቃው ውስጥ የገቡት። ያስገባኋቸውም እኔ ነኝ።

ይህ ጸሐፊ በኪቦርድ ጉዳይ ሲሳሳት የመጀመሪያው አይደለም። በ1985 ኃይሉ መርጊያ እዚሁ ዋሽንግተን በአንዲት ትንሽ ስቱዲዮ ውስጥ ለብቻው አንድ ካሴት ቀዳ፤ «ሸሞንሟናዬ» ይባላል። ኃይሉ በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር ለዝግጅት መጥቶ እዚህ የቀረ ሰው ነው። በልጅነቱ የተጫወተውን አኮርዲዮን ከያማሃ ዲኤክስ 7፣ ከሮድስና ከድራም ማሽን ጋር ብቻውን ደራረበው። ካሴቱ አዲስ አበባ ሲደርስ ተማሪ ነበርኩ። በአንድ ጓደኛዬ ቤት ሰምተነው የሁላችንም ጥያቄ አንድ ነበር፤ «ባንዱ የት ሄደ?» የሂልተኑን ዋልያስ፣ ያንን የነሐስ መሣሪያ ድምፅ ነበር የምንፈልገው። ብቸኛ ሰው ከማሽን ጋር ሲጫወት መስማት ድህነት መሰለን። ስደት እንደሚሰማ አላወቅንም ነበር፤ ገና አልተሰደድንማ። ኃይሉ በኋላ ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ እየነዳ፣ ተራ ሲጠብቅ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዱን አውጥቶ መኪናው ውስጥ ሲለማመድ ዓመታት አለፉ። በ2013 ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ያንን ካሴት ባሕር ዳር አግኝቶት እንደገና አሳተመው። ዓለም ሰማው። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመልሶ በ2018 «ላላ በሉ»ን አወጣ። እኛ የናቅነውን ነገር የማያውቁን ሰዎች ወደዱት። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ከእርሱም አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1984 አድማስ የተባለው የወጣቶች ቡድን በዚሁ በዋሽንግተን አካባቢ በሲንተሳይዘርና በድራም ማሽን አንድ ሸክላ ቀድቶ ነበር፤ በ2020 እንደገና ታትሟል። ከቡድኑ አንዱ አበጋዝ ክብረወርቅ ሺኦታ ሲሆን ከኢትዮጵያዊና ከጃፓናዊ ቤተሰብ የተወለደ ነው። የኢትዮጵያና የጃፓን ዜማ በአንድ ሰው እጅ ሥር መገናኘቱ በእህቴ ልጅ አልተጀመረም ለማለት ያህል ነው።

ኃይሉ «ሸሞንሟናዬ»ን በቀዳበት በዚያው በ1985 ኮጂ ኮንዶ የተባለ ወጣት ጃፓን ውስጥ ለሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ዜማ ይደርስ ነበር። የኒንቴንዶ ማሽን በአንድ ጊዜ ማሰማት የሚችለው አምስት ድምፅ ብቻ ነው፤ ሁለቱ ዜማ፣ አንዱ ባስ፣ አንዱ እንደ ከበሮ የሚያገለግል ፉጨት መሰል ጫጫታ፣ አንዱ አጭር የተቀዳ ድምፅ። ሁለቱ ሰዎች አንዱ ስለ ሌላው አልሰሙም። ችግራቸው ግን የተቀራረበ ነው፤ ኦርኬስትራ የለም፣ ማሽን አለ፣ ዜማው ብቻውን መቆም አለበት። ያንን የማሪዮ ዜማ በ2023 ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከአገሪቱ ቅርስ ቅጂዎች ጋር መዘገበው፤ ከጌም ሙዚቃ የመጀመሪያው ነው። ስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየምም በ2012 የቪዲዮ ጌም ጥበብን በዐውደ ርእይ አሳይቷል። ሁለቱም ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀይ መስመር ባቡር የሚደረስባቸው ናቸው። ከእኛ ማኅበራት ጠረጴዛ ኋላ ግን ገና አልደረሱም።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። በጌም ሙዚቃ አፍቃሪዎች ዘንድ የታወቀው ማግፌስት በ2012 ወደ ናሽናል ሃርበር ከመዛወሩ በፊት ለጥቂት ዓመታት የሚካሄደው አሌክሳንድሪያ፣ ሴሚናሪ ሮድ ላይ ባለው ሂልተን ነበር። ከመንገዱ ማዶ ያሉት ፎቆች በወገኖቻችን የተሞሉ ናቸው። ይህ ልጅ ዳዴ በሚልበት ዘመን በመስኮቱ ማዶ ሰዎች የማሪዮን ዜማ በጊታርና በኪቦርድ ሲጫወቱ ያድሩ ነበር ማለት ነው። ምናልባት አንዳንዶቻችን እነዚያን ቀለማ ቀለም የለበሱ ወጣቶች በታክሲ አድርሰናቸው ይሆናል። ምን እያደረጉ እንደሆነ የጠየቀ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። (ዋልያስም የሂልተን ባንድ ነበር፤ ሂልተን ከእኛ ሙዚቃ ጋር የሆነ ነገር ሳይኖረው አይቀርም!)

ወደ ሦስተኛው ፋይል ልመለስ። ከዚያ ከተበላሸው ሁለተኛ ቅጂ በኋላ አንድ እሑድ ቤልትዌይን ይዤ አሌክሳንድሪያ ወረድኩና ልጁን «ድምፆቹን አንድ በአንድ አሳየኝ» አልኩት። ነጭ ቁልፎች ብቻ ናቸው፤ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ። ጥቂት ዝም አልኩ። እነዚህ አምስቱ፣ ከሚ ተነሥተው ሲቆጠሩ፣ የአምባሰል ቅኝት ድምፆች ናቸው። እነዚያኑ ከላ ጀምረህ ብትቆጥራቸው ትዝታ ማይነር ይወጣል። ጃፓኖችም በሻሚሰንና በኮቶ የቆየ ሙዚቃቸው ውስጥ እነዚሁኑ አምስቱን ይዘው ሚ ላይ ያርፋሉ፤ የኦካሚ ሙዚቃ ደራሲዎች የቀዱትም ከዚያ ነው። ልጁ አልወርድም ያላት ድምፅ ፋ ናት፤ የአምባሰል ዘፋኝም ሰውን የሚያስለቅሰው በእርሷው ነው። ከየትም ይምጣ፣ ልጁ መጀመሪያውኑ ያመጣልኝ አምባሰል ነበር። እኔ ነኝ ሰምቼው «ኢትዮጵያዊ አድርገው» ያልኩት! ማሲንቆና እልልታ ካልተለጠፈበት የራሴን አገር ዜማ የማላውቅ ሰው ሆኜ ተገኘሁ።

ቅኝት አንድ ነው ማለት ሙዚቃው አንድ ነው ማለት እንዳልሆነ አውቃለሁ። የወሎ ዘፋኝ ድምፁን የሚያጥፍበት፣ የሚያንቀጠቅጥበት መንገድ ኪቦርዱ ላይ የለም፤ የኪቦርዱ ድምፆች በእኩል ርቀት የተቸነከሩ ናቸው፣ የክራር ክር ግን በጆሮ ይጠበቃል፣ በጆሮ ይላላል። ልጁም ይህ ይጎድለዋል። ግን የሚጎድለውን የሚያገኘው ከሚሰማው ሰው እንጂ ቁልፍ በመጫን አይደለም።

ሁለተኛውን ቅጂ አጥፋው አልኩት። ሦስተኛ ጊዜ ሲቀዳ ኮምፒውተሩ እምቢ አለውና ኪቦርዱን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ በስልኩ ቀዳው። በመሐል የቡና ሙቀጫ ድምፅ አለ፤ ከምቱ ጋር አይገጥምም፣ ግን ከሙዚቃው በታች እየራቀ እየቀረበ ይሄዳል። ልጁ «ተበላሸ፣ ደግሜ እቀዳለሁ» ብሎ ነበር። እንዳይነካው ለመንኩት። ከ11ዱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ይህንን ነው የምመርጠው። ሥዕሉም አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እኔ ሳሎን ተሰቅሏል፤ መስቀሎቹን ግን ከማዕዘኑ ላይ በቢጫ ቀለም ሸፍኗቸዋል፣ ማንም ሳይነግረው።

ቡናውን የምትወቅጠው እናቴ ነች። የተወለደችው አምባሰል ነው፤ ደሴን ካየች ሃያ ዓመት አልፏታል። ልጁ የቀዳውን መልሶ ሲያሰማን ዘነዘናውን አቆመችና አዳመጠች።

«ይሄ የእኛ አገር ዜማ ነው» አለች። «ማን አስተማረህ?»

«ጃፓኖች» አላት።

«ጃፓኖች ደግሞ አምባሰል ምን ሊሠሩ ሄዱ?»

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ